አባባና የልጄ ክፍል ቀለም

ዛሬ የአማቴ የአባባ አርባ ነው። ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ያነሣል፤ እኔ የማስታውሰው ግን እንዴት እንዳናደዱኝ ነው።

ልጄ ሳል አለባት፤ ሽታ ሲነካት ትንፋሽ ያጥራታል። ለክፍሏ ቀለም ስመርጥ ፈራሁ። የሚታጠበው የዘይት ቀለም ሽታው ይከብዳል፣ ሻካራው የኳርትዝ ቀለም አቧራ ይይዛል፤ መካነ ኢየሱስ አካባቢ ያለው ቀለም ሱቅ «ይኼ ሽታ የለውም» ያሉኝስ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ቀለም ቀቢው ሦስቱንም ግድግዳው ላይ በትንሽ በትንሹ ሞከረልን። አባባ በየጧቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋቢያቸውን ሳያወርዱ ገብተው፣ አፍንጫቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያሸታሉ።

«ይደር» ይላሉ።

«ኧረ አባባ፣ ቀለም እኮ ነው! ጠላ ነው ወይ እያደረ የሚጣፍጠው?»

«አንቺ ምን ቸገረሽ? ሳል ያለባት ልጅቷ ናት። ይደር ብያለሁ።»

ቀቢው «ይኼ ግድግዳ ሳይቀባ ሊያረጅ ነው» ብሎ ጥሎን ሄደ። ክረምቱ ገባ፣ እኔም በንዴት ተቃጠልኩ። እሳቸው አንዱንም ሳይመርጡልኝ አረፉ።

ቀቢውን ለምኜ መልሼ፣ ሽታ የለውም የተባለውን አስቀባሁ። ዛሬ ለተዝካሩ የመጣው ዘመድ በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ያልፋል። ጎንበስ ብሎ ያሸተተ አንድ ሰው የለም። ልጄ ፍራሿን እየጎተተች መጥታ «እማዬ፣ ዛሬ እዚህ ልተኛ?» አለችኝ። እኔው ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አሸተትኩ። አፍንጫዬ በለቅሶ ተዘግቶ ኖሯል። ሽታው መውጣት አለመውጣቱን መለየት አቃተኝና ልጄን ከነፍራሿ ወደ እኔ ክፍል መለስኳት።