ብርሃን የሚያሳየው ስድስት ጎራሽ

በሚኔሶታዋ ትንሽ ከተማ በሉንድቢ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ኦርቪን ትቬት በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ደህና ሽጉጥ ሸጦ አያውቅም። በኢንተርኔት ከሸጣቸው አሮጌ ስድስት ጎራሾች አስራ አንዱ ተመልሰውበት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ጎመን በሚያኮመጥጥበት በርሜል ተደብቀዋል። አንድ ገዢ በእሱ ሽጉጥ ጣቱን አጥቷል። ይባስ ብሎ ኦርቪን ራሱ ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፎ አምኗል።

ወሬው ከእህል ጎተራው ሲነሳ ጣቱ አንድ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርስ ሁለት ሆነ። አስፋልት ዳር ካለው ምግብ ቤት ሲደርስ ቁርስ ላይ የነበሩት እስከ ክርን አድርሰውታል።

ለማመን ግን ይቸግራል። በአውራጃው ውስጥ ኦርቪን ያልፈታው፣ ያላጸዳው፣ መልሶ ያልገጠመው መሣሪያ የለም። ዕቃ በየቤቱ የምታደርሰው ሴት ስለ አስራ አንዱ ስትጠየቅ፣ "እኔ እነሱ ቤት ያደረስኩት የሚስቱን የአርሊስን የክረምት ጫማ ነው፤ እሱም አልተመለሰም፣ ልኳ ነበር" ብላለች። ጣቱን ያጣው ሰውም እስካሁን ስም አልተገኘለትም። "በገዛ እጁ አምኗል" የሚለው ግን ትንሽ እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ጉዱም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ኦርቪን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ትልቁ የሙገሳ ቃሉ "አይከፋም" ነው። አያቶቹ ከኖርዌይ በመጡ የሚኔሶታ ሰው ዘንድ የራስን ነገር ማሞገስ ሱሪ ሳይታጠቁ አደባባይ እንደ መውጣት ነው፤ ኦርቪን ደግሞ ከሁሉም ጠበቅ አድርጎ የታጠቀ ሰው ነው። የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ አቅፎ አያትና "አይከፋም" አለ፤ አዋላጇ፣ የአገሩ ልጅ ናትና፣ እንዲህ ልጁን የሚወድ አባት አይቼ አላውቅም ብላ አለቀሰች። አውሎ ነፋስ በረቱን ከነላሟ ነቅሎ ሦስት እርሻ አሻግሮ ሲያስቀምጠው ለኢንሹራንሱ ሰው "ትንሽ ነፍሶ ነበር" አለው። አርሊስን ለጋብቻ ሲጠይቃት የተናገረው፣ "ከዚህ የባሰም ሊገጥመን ይችል ነበር" የሚል ነው። አርሊስ ይህን ቃል ለአርባ ስድስት ዓመት እንደ ወርቅ አስቀምጣዋለች።

ታዲያ ይህ ሰው ለሽያጭ ያቀረበውን ስድስት ጎራሽ ኢንተርኔት ላይ ሲገልጽ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "አሮጌ ነው። ጥይት የሚጎርሰው ከበሮው ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ጭረት አለ። በከበሮውና በአፈሙዙ መሀል ብርሃን ያሳያል። መዶሻው ጫፍ ላይ ያለው፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ይላወሳል። አይከፋም።"

ይህን የሉንድቢ ሰው ቢያነበው ቁርሱን ጥሎ ሮጦ ይገዛል፤ ጭረትና ብርሃን የሌለው ስድስት ጎራሽ ከፋብሪካ እንዳልወጣ ያውቃላ፤ "አይከፋም"ን ደግሞ ከኦርቪን አፍ ለመስማት ዕድሜ ይጠይቃል። የገዛው ግን ራንዳል ፖቲት የሚባል የቴክሳስ ሰው ነበር። በእሱ አገር ድንቢጥ የሚሸጥ ሰው ንስር ብሎ ነው የሚጀምረው። ፖቲት ፎቶውን አይቶ ገዛ፤ ጽሑፉን ያነበበው ሽጉጡ እጁ ከገባ በኋላ ነው። አነበበ፣ ሽጉጡን አየ፣ እንደገና አነበበ። ጭረት፤ አለ። ብርሃን፤ አለ። መርፌው፤ እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል። ወዲያው ለኦርቪን "ብርሃን ያሳያል እኮ!" ብሎ ጻፈለት። ኦርቪንም ጨዋ ሰው ነውና መለሰ፦ "አዎ፤ ልክ ነህ። ያሳያል።"

ፖቲት ይህን መልስ ከነስሙ ለዓለም ሁሉ ለጠፈው። "አጭበርባሪው አመነ!"

ነገሩ በሳቅ ባለፈ፤ ጠረጴዛው ባይኖር። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ በአውራጃው አዳራሽ የመሣሪያ ገበያ ይቆማል፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኦርቪን ነው። ሰው ገና ኮቱን ሳያወልቅ የያዘውን መሣሪያ እሱ እጅ ላይ ያስቀምጥና "እስቲ እየው" ይለዋል። ኦርቪን ያያል፣ ያሸታል፣ ጆሮው ጋ አድርጎ ቀጭ ያደርገዋል፣ "አይከፋም" ይላል፤ ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሌላ ክብር ጠይቆ አያውቅም።

ገበያውን የሚያዘጋጀው ክለብ ሊቀ መንበር ዴልማር ክቫሜ ደግሞ ቋንጣ ሻጭ ነው፤ ጠረጴዛውም ከመጸዳጃ ቤቱ በር ጋር ይዋሰናል። ዴልማር የኦርቪንን ቦታ ተመኝቶ አያውቅም። ዝም ብሎ ለሠላሳ አንድ ዓመት አይቶታል እንጂ። ወሬው ሲመጣ ኦርቪንን መንገድ ላይ አቆመው።

"እንግዲህ፣ ሰው ምን ይላል መሰለህ፣ እኔ አይደለሁም የምለው፣ ግን ስለ ጠረጴዛው ማክሰኞ ቁርስ ላይ ብንነጋገር… አላውቅም… ላይከፋ ይችላል።"

ይህ በሉንድቢ ቋንቋ የጦርነት አዋጅ ነው።

ሰኞ ዕለት አርሊስ ባሏን መስታወት ፊት አቆመችው።

"በል፣ 'ሽጉጦቼ ጥሩ ናቸው' በል።"

"ሽጉጦቼ…" አለ ኦርቪን። ጆሮው ቀላ። "የባሱም አሉ።"

"አንተ ሰውዬ! ቋንጣው በር ላይ ሊቀመጥ ነው! ጥሩ ናቸው በል!"

"ጥ… ጥ… አርሊስ፣ ሌላ ሰው ይበለው እንጂ እኔ እንዴት ብዬ? ጉራ እኮ ነው።"

"የሠላሳ አንድ ዓመት ስምህ ነው የሚሄደው።"

ኦርቪን መስታወቱን ትንሽ አየው። "ትንሽ ያሳዝናል" አለ። አርሊስ ከዚህ ቃል ምን ያህል እንደተሰበረ ገባት።

ማክሰኞ ጠዋት ምግብ ቤቱ ጢም ብሏል። ዴልማር ገና "እንግዲህ…" ከማለቱ በሩ ተበርግዶ ባርኔጣ ገባ፤ ከባርኔጣው ሥር ራንዳል ፖቲት ነበር። የቀበቶው ዘለበት እንቁላል ሊጠበስበት ይችላል። ሽጉጡን ለመመለስ ሁለት ቀን ነድቶ መምጣቱ ነው።

"ኦርቪን ትቬት የሚባሉት የትኛው ናቸው?"

"እኔ ነኝ መሰለኝ" አለ ኦርቪን።

ፖቲት ሽጉጡን አውጥቶ ከበሮውን ከፈተ፤ ባዶ መሆኑን ለሁሉም አሳይቶ ከፓንኬኩ አጠገብ አኖረው። "ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?"

አርሊስ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። ኦርቪን ቡናውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። "የባሰ አይቻለሁ" አለ።

የሉንድቢ ሰዎች ተያዩ፤ ኦርቪን እንዲህ ጉራ ሲነዛ ሰምተው አያውቁም። ፖቲት ግን በደስታ ዘለለ። "ሰማችሁት? አሁንም አመነ! ቆይ፣ ደህና ሽጉጥ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ።" ወጣና ከመኪናው አንድ የቆዳ ሣጥን ይዞ ተመለሰ። "የሟች አባቴ ነው። ሠላሳ ዓመት የሸሪፍ ምክትል ሆኖ የታጠቀው። ሲሰጠኝ 'ልጄ፣ ከዚህ የተሻለ ስድስት ጎራሽ አልተሠራም' ነው ያለኝ። እስቲ ይዩት!"

ኦርቪን ባዶነቱን አይቶ ከበሮውን ዘጋና ወደ መስኮቱ አነሳው። በከበሮውና በአፈሙዙ መሀል የሚኔሶታ ፀሐይ እንደ ክር ቀጥና አለፈች። ከበሮውን አዞረው፤ ዙሪያውን ጭረት። መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ አደረገ፤ መርፌው እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ።

"ብርሃን ያሳያል" አለች ቡና ቀጂዋ፣ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች።

የፖቲት ፊት ከነጭ ባርኔጣው ይልቅ ነጣ። ዴልማር ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወደ ፒክአፑ ሄደ፤ ሲመለስ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። "የእኔም… ያሳያል።" ያኔ ሁሉም ወጣ። ለአምስት ደቂቃ ያህል የሉንድቢ ወንዶች በሙሉ መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሽጉጣቸውን ወደ ፀሐይ ሲያነሡ ታዩ። አውራጃው ሙሉ በአንድ ጠዋት ትጥቅ ፈታ።

"እንግዲህ ሌባ ቢመጣ ምን እናደርገዋለን?" አለች ቡና ቀጂዋ። "ቋንጣ እንጋብዘው?"

ፖቲት ግን አልሳቀም። የአባቱን ሽጉጥ እንደ ታመመ ወፍ በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። "አባቴ ዋሽቶኝ ኖሯል" አለ ለራሱ። "ሠላሳ ዓመት የተበላሸ ነገር ታጥቆ… እኔን ዋሸኝ።"

ኦርቪን ሹካውን አስቀመጠ። ስለ ራሱ ስም ቢሆን እዚያው ወንበሩ ላይ ድንጋይ እስኪሆን ዝም ባለ። የሞተ ሰው፣ ያውም የማያውቀው ሰው፣ ውሸታም ሲባል ግን አላስቻለውም። ቆመ። ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

"አባትህ አልዋሸህም" አለ። "ይሄ በጣም ጥሩ ሽጉጥ ነው።"

ማንኪያ ወደቀ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። አርሊስ ከሠርጓ ቀን ወዲህ እንዲህ ደንግጣ አታውቅም፤ ያኔም ይህን ቃል አላገኘችውም።

"ከበሮው እንዲዞር ፀጉር የምታህል ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ባይኖረው ተጣብቆ ይቆማል" ብሎ ቀጠለ ኦርቪን፣ አንዴ ገደሉ ላይ የወጣ ሰው መቼም መውረዱ አይቀርም። "ጭረቱ ከበሮውን በቦታው የሚያቆመው ብረት የተመላለሰበት መንገድ ነው። መርፌውን እንዲላወስ አድርገው ነው የሠሩት፤ ካልተላወሰ ቀዳዳውን አያገኝም። ጤናው ነው፣ ልጄ። በሽታው አይደለም።"

ፖቲት ከፓንኬኩ አጠገብ ያለውን ቀስ ብሎ አነሣው። "ይሄስ ታዲያ፣ ጌታዬ? ከእርስዎ የገዛሁትስ?"

ኦርቪን አርሊስን አየ። አርሊስ ራሷን ነቀነቀችለት።

"እሱም በጣም ጥሩ ነው።"

"እንግዲህ ኦርቪን" አለ ዴልማር፣ የበሩ ቦታ ከእጁ ሲያመልጥ እየታየው፣ "እኔ አይደለሁም የምለው፣ ግን ሰው… በጽሑፍ ያመንከውስ? አስራ አንዱስ? በርሜሉስ? ጣቱስ?"

"ያመንኩት ነገር የለም" አለ ኦርቪን፤ ድምፁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። "ስድስት ጎራሽ ምን እንደሚመስል ነው የጻፍኩት። አስራ አንድ የሚባል የለም፤ ተመልሶ የመጣው ይሄ አንዱ ነው፣ እሱም አሁን ቴክሳስ ሊሄድ ነው። በርሜሌ ውስጥ ያለው ጎመን ነው። የማንም ጣት አልጎደለም። የተበላሸ ሽጉጥ በዕድሜዬ ሸጬ አላውቅም፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዬም አልነሣም።"