ሩቅያ ድርጅት የሆነችበት ክረምት

ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ ዲግሪ በየቤቱ አለ። እንዲያውም ሁለት ሦስቱን ደርድሮ ሰቅሎ የግድግዳ ስንጥቅ የሚሸፍንበት ቤት አይጠፋም። የጠፋው ዋስ ነው። ገንዘብ ያዥ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኖ የተቀጠረ ልጅ ሁሉ "ቋሚ ሥራ ያለው ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ" ይባላል። ሰፈሩ ደግሞ ሸማኔ፣ ጎሚስታና ባለሱቅ ነው፤ ደመወዝተኛ በመብራት ቢፈለግም አይገኝም።

ከሩቅያ በቀር። ሩቅያ ጳውሎስ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የአንሶላና የጋዋን አጣቢ ናት። የገባችው ክሊኒኩ አንድ አልጋ፣ ባለቤቱ ዶክተር ሂሻም ደግሞ ሙሉ ጸጉር በነበራቸው ዘመን ነው። ቋሚ ናት። በሰፈሩ ሚዛን ቋሚነት ከሐጂነት ትንሽ ዝቅ፣ ከዕድር ዳኝነት ግን ከፍ ይላል። ክሊኒኩ ለአንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የዋስትና ደብዳቤ ስለማይጽፍ፣ የሩቅያ ወረፋ ከኮንዶሚኒየሙ ይረዝማል። አንዱ ሥራ ሲለቅ ቀጣዩ ይገባል። ልጃቸውን ከክትባት መልስ በቀጥታ ሩቅያ ዘንድ የሚያስመዘግቡ ወላጆች አሉ ይባላል፤ ውሸት ነው ብሎ የተከራከረ እስካሁን አልተገኘም።

ዘንድሮ ተራው የቦንቱ ደረሰ። ቦንቱ የጎረቤቷ የጎሚስታው የኡርጌሳ ልጅ ናት። ጫማዋ እስኪያልቅ ሥራ ፈልጋ፣ በመጨረሻ አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ የገንዘብ ያዥነት ፈተና አለፈች። "እስከ ሰኞ ዋስ ካላመጣሽ ተጠባባቂዋን እንጠራለን" አሏት።

"አይዞሽ" አለች ሩቅያ። "አንቺ ለሰኞ የምትለብሺውን አስቢ፤ ደብዳቤው የኔ ጣጣ ነው።"

ያን ሰሞን ሩቅያ ደስ ብሏታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደመወዟ ጨምሯል። ማን ጨመረው ብላ አልመረመረችም፤ ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር "እንደጨመሩልኝ አላህ ይጨምርልዎ" ትላቸዋለች። ዶክተሩም ምን እንደጨመሩ ባያውቁም "አሚን" ይላሉ። ዱዓ እንዴት ይመለሳል?

በማግስቱ ጠዋት የክሊኒኩን ፎቅ ወጥታ ጢሞቴዎስ ፊት ቆመች። ጢሞቴዎስ የቀድሞው ሒሳብ ሠራተኛ ሲለቅ የተተካ፣ ከኮምፒውተሩ ተነስቶ የማያውቅ ወጣት ነው።

"ልጄ፣ የዋስትና ደብዳቤ ጻፍልኝ።"

ጢሞቴዎስ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ።

"ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎ እኮ የክሊኒኩ ሠራተኛ አይደሉም።"

"እኔ?"

"ዘበኛው አለ፣ ነርሶቹ አሉ... እርስዎ ደመወዝ ዝርዝሩ ላይ የሉም።"

"ታዲያ በየወሩ የምትሰጠኝ ምንድን ነው፣ ዘካ ነው?"

"እሱማ የአገልግሎት ክፍያ ነው። እ... ማለቴ፣ ለላውንደሪው።"

"ለየቱ ላውንደሪ?"

"ለሩቅያ ላውንደሪ። ድርጅት ያለዎት መስሎኝ ነበር እኮ!"

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ሆዳም ማሽን ነው። ዱሮ አንድ ኤቲኤም የሩቅያን ካርድ ዋጠባት። እስከ መግሪብ ሶላት ፊቱ ቆማ በመጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥላ መከረችው፣ በመጨረሻ ረገመችው። አልተፋም። ከዚያ ወዲህ "ገንዘቤን ዓይን ከሌለው ነገር አልቀበልም" ብላ ማለች። ሠራተኛው ሁሉ ደመወዙን በባንክ መቀበል ሲጀምር፣ ዶክተር ሂሻም ለዕድሜዋ ሲሉ እሷ በእጇ እንድትቀበል ፈቀዱ። የቀድሞው ሒሳብ ሠራተኛ "ለሩቅያ፣ ለልብስ እጥበት" ብሎ ወጪ ያደርግና፣ ማን እንደሆነች ስለሚያውቅ ግብሯን ከሌሎቹ ደመወዝተኞች ጋር ያሳውቅላት ነበር። ጢሞቴዎስ ግን ምድር ቤት ወርዶ አያውቅም። ስሟ ባንክ በሚሄደው ዝርዝር የለም፣ ክፍያው ለእጥበት ነው፤ በቃ፣ የውጭ ድርጅት ናት አለ። በየወሩ ለአገልግሎት ሰጪዎች በሚሞላው ቅጽ እያሳወቀ፣ ትንሽ ነገር ብቻ እየቀነሰ ይከፍላት ጀመር። ጭማሪ የተባለው ይኸው ነው፤ ያልተቆረጠ የደመወዝ ግብርና ያልገባ ጡረታ።

"ይሁና፣ ደብዳቤውን ጻፍልኝ።"

"ብጽፈውም ዋጋ የለውም እትዬ። አከፋፋዮቹ የደመወዝ ግብርና የጡረታ ማስረጃ አያይዙ ይላሉ። ግብር ቢሮ ደግሞ እርስዎን የሚያውቅዎ በነጋዴነት ነው።"

ሩቅያ ማታ ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ለኡርጌሳ ነገረችው። ኡርጌሳ የያዘውን ጎማ ለቆ ሳቀ።

"ባለሀብቷ! እኔ ጎማ ስለጥፍ አንቺ ድርጅት ከፍተሽ ትደብቂኛለሽ?"

"ዝም በል አንተ! የልጅህ እንጀራ ነው።"

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ወሬው ግን አምልጦ ነበር። ወሬ ቀጨኔን ሽቅብ ሲወጣ እንደ ሰው አያለከልክም። ሩቅያ ቤቷ እስክትደርስ ከቱርክ ሦስት ማሽን አስመጥታለች፣ ቡራዩ መሬት አጥራለች፣ ዱባይ ቅርንጫፍ ልትከፍት ነው። አንዷ ልጇን ሹፌር አድርጋ እንድትቀጥርላት ለመነቻት። ሌላዋ "ይህን ሁሉ ይዛ ከኔ ስኳር ትበደራለች!" ብላ ሰላምታ ነሳቻት።

ያልሳቀችው ቦንቱ ብቻ ናት። ተኩሳ የሰቀለችውን የሰኞ ቀሚስ ከሚስማሩ አወረደች።

"መልሰሽ ስቀዪው" አለቻት ሩቅያ።

"እማማ፣ ሌላ ዋስ እኮ የለኝም።"

"ስቀዪው አልኩሽ!"

በነጋታው ሩቅያ ጢሞቴዎስን በእጅጌው ይዛ ምድር ቤት አወረደችው። የአንሶላው ክምር እንጦጦን ያስንቃል። ገንዳዋን፣ የፕላስቲክ ቦቷን፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ጋዋኗን አሳየችው።

"ይኸውልህ ድርጅቱ። ሥራ አስኪያጇም እኔ፣ ጉልበት ሠራተኛዋም እኔ።"

ጢሞቴዎስ ጆሮው ድረስ ቀላ። ተያይዘው ዶክተሩ ዘንድ ገቡ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ጢሞቴዎስ። "በተሳሳተ ቅጽ የገባውን የእያንዳንዱን ወር አስተካክዬ በደመወዝ ግብር ማሳወቂያ እንደገና አስገባለሁ፤ ጡረታውንም ጭምር።"

"ቅጣት ካለው ክሊኒኩ ይከፍላል" አሉ ዶክተሩ።

"ግን እትዬ፣ ሳይቆረጥ የቀረው ልዩነት ቀስ በቀስ ከደመወዝዎ ይቀነሳል። ከእንግዲህ የሚደርስዎትም ያንሳል።"

"ቁረጥ!" አለች ሩቅያ።

"ማለቴ፣ ትንሽ ይከብድዎታል..."

"ቁረጥ አልኩህ! ምንም ሳታስቀር ቁረጥልኝ!"

ግብር ከተፈጠረ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጮኸ የመጀመሪያው ፍጡር እሷ ሳትሆን አትቀርም። ውጭ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ታካሚ፣ ውስጥ ያለ ማደንዘዣ እግር የሚቆረጥ መስሎት ካርዱን ጥሎ ወደ መርካቶ ታክሲ ሮጠ።

ዶክተሩ እስኪያስላቸው ስቀው፣ "ለካ ያ ሁሉ ዱዓ ላልጨመርኩት ነበር!" አሉ።

"ይመለስ ካሉ እመልሰዋለሁ።"

"ኧረ ይቆይልኝ!"

"አንድ ነገር ቀርቷል" አለ ጢሞቴዎስ። "ይህ ነገር እንዳይደገም ስምዎ ባንክ የሚሄደው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። ካርድ ያወጣሉ።"

ሩቅያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ግብሩ አላስፈራትም ነበር፤ ይህ ግን አስፈራት።

"ማሽኑ?"

"ማሽኑ።"

ያ ሆዳም አፉን ከፍቶ ታያት። ወዲያው ደግሞ ከሚስማር የወረደው ቀሚስ ታያት።

"ይሁን። ስሜን ጻፍ።"

ጢሞቴዎስ ቅዳሜንም ገብቶ ሠራ። የተስተካከለው ማሳወቂያ በኢንተርኔት ተቀባይነት ማግኘቱን የሚያሳየውን ወረቀት ከነጡረታው አያይዞ፣ "ቋሚ ሠራተኛችን" የሚለውን ደብዳቤ ማኅተም አሳርፎ አስረከባት። ሩቅያ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ከዝናብ ጋርዳ ወደ ቀጨኔ ወጣች። ሰኞ ቦንቱ ቀሚሱን ለበሰች፤ ዋስትናዋ ጸደቀ። ኡርጌሳም የሰፈሩን ጎማ ሁሉ ያን ቀን በነጻ ነፋ።

በወሩ መጨረሻ ሁለቱ ሴቶች ጳውሎስ አካባቢ ካለ ኤቲኤም ፊት ቆሙ። ሩቅያ ከማሽኑ ራቅ ብላ፣ ካርዱን ለቦንቱ አቀበለቻት።

"አንቺ አስገቢው።"

"እማማ፣ ዛሬም ትፈሪዋለሽ?"

"እኔ ላንቺ ዋስ ሆኛለሁ፤ አንቺ ደግሞ ለእሱ ሁኚ።"

"ከዋጠውስ?"

"ከዋጠውማ" አለች ሩቅያ፣ "ከደመወዝሽ አስቆርጣለሁ።"

ማሽኑ አጉረመረመ፣ ብሩን ሰጠ፣ ካርዱንም ተፋ። ብሩ ካለፈው ወር ያነሰ ነበር። ሩቅያ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።