አራተኛው ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ጆሀንስበርግ፣ ዮቪል ሰፈር ውስጥ የስልክ ኤርታይም ልገዛ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "የስንት ልስጥሽ?" ሲለኝ ጆሮዬ ጥግ ይዞ የቆመው የለስላሳ ፍሪጅ ላይ ቀርቶ ነበር። ያረጀ ፍሪጅ ነው። በሩ በገመድ ታስሯል፤ ሆዱ ውስጥ የንብ ቀፎ የሰቀሉበት ይመስል "እምምም" ይላል። እኔም ሳላስበው ከንፈሬን ገጥሜ አብሬው "እምምም" አልኩ። ባለሱቁ ያን ጊዜ ቀና አለ። "እህቴ፣ ሰላም ነሽ?" ሰላም ነኝ አልኩት። ፍሪጅህ አንድ የሞቱ ሰው አስታወሰኝ ብዬ ብነግረው ይብስ ይደነግጥ ነበር።

ጋሽ ላምቤቦ የመዝሙር መነሻ ድምፅ የሚወስዱት ከፍሪጅ ነበር። ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቮስሎሩስ፣ ጎጎ ታንዲ የሚባሉ የዙሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው። በስተኋላ ባለችው ክፍል እኔ፣ እናቴና አባቴ እንኖራለን፤ በስተፊት፣ መንገዱ ዳር፣ አባቴና ጋሽ ላምቤቦ በሽርክና የሚነግዱባት ስፓዛ አለች። ስፓዛ የምንላት ከዳቦ እስከ ሻማ የሚገኝባትን የሰፈር ሱቅ ነው። ከሱቋ ጎን ደግሞ የጋሽ ላምቤቦ መኝታ የሆነች፣ ዙሪያዋን ቆርቆሮ የለበሰች ክፍል ተለጥፋለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ላምቤቦ የሚመሩት የመዝሙር ኳርቴት አራት ዘማሪዎች ሱቋ ውስጥ፣ በበቆሎ ዱቄት ከረጢትና በሳሙና ካርቶን መሀል ይሰበሰባሉ። ጋሽ ላምቤቦ እጃቸውን አንስተው ሁሉንም ዝም ያሰኙና ጆሯቸውን ወደ ፍሪጁ ዘንበል ያደርጋሉ፤ ከዚያም ያቺን ድምፅ ተቀብለው ለሦስቱ ያድሏቸዋል። ሎድሼዲንግ ተብሎ መብራት የጠፋ ዕለት ልምምዱ ይበላሻል። "ዛሬ ፍሪጁ ጾም ላይ ነው" ይሉና ሻይ ይጠጣል።

ሰውየው ከሲታ ነበሩ። ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሱ ተጨማሪ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ኮታቸው ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስል ይሰፋቸዋል። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ማንኛውም ሰው ነው። ሲዘምሩ ግን ከዚያ ደረት የሚወጣው ወፍራም የቤዝ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ዛሬም አልገባኝም። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የሰርዲን ቆርቆሮዎች ሲንቀጠቀጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እማዬ መኪና አልፎ ነው ትለኛለች፤ አላምናትም። አንድ እሑድ ጎጎ ታንዲ የታጠበ ልብሳቸውን አቅፈው እየሮጡ ገቡና ወደ ሱቋ ዞረው ጮኹ፦ "ሃይቦ፣ ማዳላ! አንተ ነህ እንዴ? እኔ እኮ ነጎድጓድ መስሎኝ ልብሴን አስገባሁ!" ማዳላ በሰፈሩ ቋንቋ ሽማግሌ ማለት ነው። ጋሽ ላምቤቦ ወጥተው ይቅርታ ጠየቋቸው፤ ልብሱንም አብረው መልሰው አሰጡ።

ኳርቴቱ ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከአባቴና ከእናቴ ትዳርም ይበልጥ ነበር በዕድሜ። የተጀመረው አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ነው፤ በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ አማኙ በየቤቱ ተደብቆ በሚጸልይበት ዘመን። ጋሽ ላምቤቦና ሦስት ጓደኞቻቸው መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው ይዘምሩ ነበር። ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በሹክሹክታ ስለሆነ የሚዘምሩት አንዱ ሌላውን አይሰማውም። ስለዚህ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው መቆም ጀመሩ። አራት ሰው አራት አቅጣጫ ያያል፤ አንዱ በሩን፣ አንዱ መስኮቱን ይጠብቃል፤ ጆሮ ያልሰማውን ደግሞ ጀርባ ይሰማል። ኋላ ነፃነት መጥቶ በሺህ ሰው ፊት ሲዘምሩ ልማዱን አልተዉትም። መጀመሪያ ያየ ሰው "ተኳርፈው ነው እንዴ የሚዘምሩት?" ብሎ ይስቅ ነበር አሉ። እስኪጀምሩ ድረስ ነው ታዲያ።

ዓመታት ሲያልፉ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ድምፁ ደከመ፣ አንዱ ሌላ አገር ሄደ። የሚወጣው ሰው ተተኪውን ራሱ መርጦ ድምፁ እስኪተላለፍ ጀርባ ለጀርባ አብሮት ይቆማል፤ ኳርቴቱ እንዲህ እየተተካካ፣ ጋሽ ላምቤቦን ተከትሎ ጆሀንስበርግ ደረሰ። ከመጀመሪያዎቹ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ሕግም ነበራቸው። ከአራቱ አንዱ ሲሞት ሦስቱ መቃብሩ ላይ ይዘምራሉ፤ የሟቹ ድምፅ ቦታ ባዶ ሆኖ ይሰማል። አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ተተኪው ገብቶ ባዶውን ይሞላል። የሚገባ ከሌለ መዝሙሩ እዚያው ይቆማል፤ ኳርቴቱም ከዚያ ቀን በኋላ የለም።

ኮሮና ሲመጣ ይሄ ሕግ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ጋሽ ላምቤቦ አስም ነበረባቸው። ክሊኒክ ያያቸው ሐኪም ይህ በሽታ ቢይዝዎ ሳንባዎ አይችለውም አላቸው፤ እናቴም ማንም ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል እንዳይገባ አወጀች። በእማዬ አዋጅ ላይ ይግባኝ የለም። ምግባቸውን በራቸው ላይ አስቀምጠን አንኳኩተን እንሸሻለን። ለተተኪነት ሲያዘጋጁት የነበረው ዳዊት የሚባል ወጣት ሊያገባ አገር ቤት እንደሄደ አውሮፕላን ቆሞ እዚያው ቀረ።

መጀመሪያ በስልክ ሞከሩ። አባቴ አራቱን በዋትሳፕ ቪዲዮ አገናኛቸውና እኛም አብረን ልናይ ተሰበሰብን። ልማድ ክፉ ነው፤ አራቱም ስልካቸውን ከኋላቸው አስቀምጠው ጀርባቸውን ሰጡት። ስክሪኑ ላይ አራት የኮት ጀርባ ብቻ ይታያል። ኔትወርኩ ድምፁን እያዘገየ ያደርሳል፤ ሦስቱ ቤዙን ይጠብቃሉ፤ ቤዙ እነሱን ይጠብቃል፤ መዝሙሩ እየተጎተተ እየተጎተተ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። እናቴ በሳቅ ፈረሰች። ጋሽ ላምቤቦ ግን አልሳቁም። ከቆርቆሮው ወዲያ ሲያስሉ ቆዩ፤ ያን ቀን ምግባቸው ሳይነካ ተመለሰ።

በማግሥቱ አባቴን በግድግዳው ተጣሩት። "ማቴ፣ ያንተን ጀርባ እፈልገዋለሁ።"

አባቴ ማቴዎስ በቤተ ክርስቲያን አፉን ከፍቶ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነው። እማዬ ሰምታ "እሱ? እሱ እኮ ሲያዛጋ እንኳ ዜማ ይስታል!" አለች። አባቴም ራሱ "ጋሼ፣ ይቀልዳሉ?" አላቸው።

"አልቀልድም። ስንት ዓመት አንድ ሱቅ ውስጥ ከጎኔ ቆመሃል። እኔ ስተነፍስ ትተነፍሳለህ። አንተ አታውቀውም፤ እኔ አውቀዋለሁ።"

"ርቀት ጠብቁ ተብሏል እኮ።"

"ቆርቆሮው አለ አይደለም? አንተ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ።"

እንዲህ ተጀመረ። ሰኔ የጆሀንስበርግ ክረምት ነው፤ ጠዋት ቆርቆሮው በረዶ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል። ገበያ በሚቀዘቅዝበት በዚያ ሰዓት አባቴ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጣል። ከውስጥ የጋሽ ላምቤቦ ድምፅ ይነሳል። አባቴ ይከተላል። ወዲያው ከውስጥ በጣት ኳ! ይደረጋል። "ከአንገትህ ነው። ተወው። ከታች አምጣው።" እንደገና ይጀምራል። ኳ! አባቴ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አንድ ቀን "እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ዘማሪ አይደለሁም!" ብሎ ባዶ የለስላሳ ሳጥን በእርግጫ ብሎ ሄደ። ጎጎ ታንዲ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሳጥኑን አንስተው ቦታው መለሱት። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት አባቴ ተመልሶ ግድግዳው ጋ ቆመ።

እኔ አጠገቡ ቆሜ መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አደርግ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በክንዴ ይገባና ጥርሴ ድረስ ይደርሳል። አንድ ሰው፣ ያውም በሽተኛ፣ ያውም የማይታይ፣ ቤት ሲያንቀጠቅጥ ተሰምቶኛል። መዝሙሩ ሲያበቃ ደግሞ የዚያው ሰው ደረት እንደ ተበሳ ኳስ ሲያፏጭ እሰማለሁ፤ ፉጨቱ በየቀኑ ይረዝማል። አባቴም ይሰማዋል። ለዚህ ነው መሰለኝ ቁጣውን ትቶ የቸኮለው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ መዳፌ ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ከውስጥ የሚመጣውና ከውጭ የሚሄደው አንድ ሆነብኝ። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። "ኳ" የሚል ጣት ጠበቅኩ፤ አልመጣም። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ እየዘመረ ነው። በመሀሉ ከውስጥ ያለው ድምፅ ቀስ ብሎ ተወው፤ ቆርቆሮው ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም። ሲጨርሱ ጋሽ ላምቤቦ ከውስጥ "ተመስገን" አሉና ውኃ ስጡኝ አሉ።

ብዙም አልቆዩም። አንድ ጠዋት በራቸው ላይ ያስቀመጥነው ሻይ ሳይነሳ ቀረ። አምቡላንስ ሲመጣ በእግራቸው ወጥተው ገቡ፤ እጃቸውን ከሩቅ አውለበለቡልን። ሆስፒታል ሞቱ። እኛ ዘንድ እዚህ የሞተ የአገር ልጅ አስከሬኑ ወደ ቤተሰቡ ይላካል፤ አገሩ ይቀበራል። ያን ጊዜ ግን የሚበር አልነበረም። ታላቅ እህታቸው እትዬ ማርታ ሆሳዕና ሆነው ወንድማቸው በባዕድ አፈር ሲቀበር በስልክ እንዲሰሙ ተወሰነ።

መቃብር የሚገባው ሰው በቁጥር ነበር። እናቴ ከቁጥሩ ውጭ ሆነች፤ እኔን አባቴ "ልጅ ምን ትቆጠራለች" ብሎ ባኪ በምንለው በጋሽ ኤርሱሞ ፒክአፕ መኪና፣ ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና በሩን ዘጋብኝ። ጋሽ ኤርሱሞ ከቀሩት ሦስት ዘማሪዎች አንዱ ናቸው። ነጭ የለበሱ ሰዎች ሣጥኑን አወረዱ። ሦስቱ ጀርባቸውን ሊገጥሙ ሲጠጋጉ የመቃብሩ ጥበቃ ሮጦ መጣና ለያያቸው፤ ሕግ ነው፣ ተራራቁ። ተራርቀው ሞከሩ፤ ያለ ጀርባ ዘምረው አያውቁምና ገና ከመነሻው ዜማው ተበተነ። ጋሽ ኤርሱሞ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከስልኩ የእትዬ ማርታ ልቅሶ ይሰማል። እኔ ልጅ ብሆንም አበቃ ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገብቶኛል።

አባቴ ሦስቱን አየ፤ ባኪውን አየ። ከዚያ መጣና የባኪውን ጎን በመዳፉ ጧ አደረገው። "እዚህ" አለ። "ብረት ነው። ያደርሳል።"

ቀድመው የገባቸው ጋሽ ኤርሱሞ ናቸው። ስልኩን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጡና ከፊት ጀርባቸውን አስደገፉ፤ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ በወዲያኛው በር በኩል ቆመ። ጥበቃው ርቀቱን በዓይኑ ለካና ወደ ቦታው ተመለሰ። ዘመሩ። እኔ መሀላቸው ነኝ፤ ሦስት ድምፅ በሦስት በኩል ገብቶ መሪውን፣ ወንበሩን፣ አጥንቴን ሞላው። በእኔ በር በኩል ግን ምንም የለም። ባዶው ይሰማል ሲባል የነበረው ይኼ ነበር፤ አለቀስኩ።

አዝማቹ ሲደርስ መስኮቴ ጨለመ። የአባቴ ኮት ጀርባ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ሲተነፍስ ኮቱ ሲነፋ አየሁ፤ ከዚያ በሩ በሙሉ ጮኸ። ጋሽ ላምቤቦ ነበሩ። ምላችኋለሁ፣ እሳቸው ነበሩ። የመቃብር ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተክለው ቆሙ፤ ጥበቃው ቆቡን አወለቀ። ኮፈኑ ላይ ያለው ስልክ ልቅሶውን አቆመ።

መዝሙሩ አለቀ። ከስልኩ የአሮጊት ድምፅ መጣ። "ማነው ሞተ ያለኝ? ይኸው ይዘምራል እኮ!"

ሰዎቹ ተያዩ። አባቴ ሄዶ ስልኩን አነሳ። "እትዬ፣ እኔ ነኝ። ማቴዎስ ነኝ።"

አባቴ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"እንግዲያስ ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታህ። አንገትህን ሸፍን።"

አባቴ የሚሸፍንበት አልነበረውም። ጋሽ ኤርሱሞ የራሳቸውን ሻርፕ ፈትተው ባኪው ላይ አስቀመጡለት፤ አንስቶ ጠመጠመ።

ዳዊት ኋላ ተመልሶ መጣ፤ ድምፁን ሊቀበል ከአባቴ ጋር ጀርባ ለጀርባ እየቆመ ነው። እትዬ ማርታ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ስለ ሱቁ አይጠይቁም፣ ስለ ጤናችን አይጠይቁም፤ ጥያቄያቸው አንዲት ናት። አባቴ ያንን ሻርፕ ፀሐይ አናት በሚበሳበት በታኅሣሥ ወር እንኳ አያወልቅም፤ እማዬ እያጉረመረመች ታጥብለታለች። ትናንትም ሲደውሉ ሰማሁት። ላብ በግንባሩ እየወረደ፣ "አዎ እትዬ፣ ሸፍኛለሁ" አላቸው።