ሳምንቱ ሁሉ አርብ

የያዙኝ ጫማ እያስለካሁ ነው። አንድ ገበሬ በግራ እግሩ ኮንጎ ጫማ አጥልቆ፣ ቀኙን በእጁ ይዞ፣ "አይጠበኝም ትያለሽ?" እያለ ያመነታል። ፖሊሱ ከኋላው ቆሞ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ "እሱን ጨርሺና ነይ" አለኝ። ገበሬው መያዜ ሲገባው ጫማውን አውልቆ፣ አፈሩን በእጁ ጠራርጎ ቦታው መለሰው። ከሁሉ የቆጨኝ እሱ ነው፤ ሊገዛ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ዩሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ መጀመሪያ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ይይዛል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ነው፤ ፀሐይ ስትዞር የብርሃኑ ነጠብጣቦች ግድግዳውን ይዘው ይሄዳሉ። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ። ከባልዲው ራቅ ብለው አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"ከበሩ ዳር አትቀመጪ፤ ሲከፍቱት ይመታሻል" አሉኝ። ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

ከስማዳ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ፣ እሱ እስኪመጣ እሳቸው ተይዘዋል።

"አንቺስ ምን አድርገሽ ነው?"

"አርብ ብዬ።"

"ምን?"

"አርብ። የቀኑን ስም።"

ቀና ብለው አዩኝ። ልጅቷ ከመግባቷ ነካት ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማለፊያ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ላስቲክ ወጥሬ ኮንጎ ጫማ መሸጥ ጀመርኩ። ከተማዋ ስሟም ሥራዋም አርብ ነው። አርብ ቀን ሰው በእግሩ፣ እህሉ በአህያ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ቅዳሜ የሚመጣው አቧራ ብቻ ነው። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ እኔና ጫማዎቼ ስንተያይ እንውላለን። የቀን ገቢያችንን ሊገምቱ የተላኩት ሰዎች ታዲያ መቼ መጡ? አርብ፣ እኩለ ቀን ላይ። ጫማ ሲለካ የዋለውን ሁሉ ገዢ አድርገው ጻፉት። ከዚያ ያቺን አንድ አርብ ወስደው ለሳምንቱ ቀናት በሙሉ አደሏት። ግብሬ የተሠራው በዚያ ነው።

ስብሰባ ተጠራ። መድረክ ላይ ያለው ኃላፊ ግብር መክፈል ኩራት ነው እያለ ሲያደርቀን እጄን አወጣሁ።

"ጌታዬ፣ ሳምንቱን ሁሉ አርብ አድርጋችሁብናል። ሳምንቱ ሁሉ አርብ ከሆነ እኛ ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ነን ማለት ነው። ፍስኩን የሚበላው ማን እንደሆነ ብቻ ንገሩን" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ራሱ ሊስቅ ጀምሮ ነበር፤ ከጎኑ ያለው እንዳልሳቀ ሲያይ ዋጠው። በማግስቱ ገበያው ውስጥ ሰው ሲገናኝ "ዛሬ ምን ቀን ነው?" "አርብ!" መባባል ያዘ። ሰኞም አርብ፣ ረቡዕም አርብ። እኔ ተናግሬ ብቻ ቢሆን ይተዉኝ ነበር። ያሳሰረኝ የሰው ሳቅ ነው።

መርማሪው ነገሩን አክብዶ ይዞታል።

"አርብ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ከሐሙስ ቀጥሎ ያለው ቀን።"

"የማን ኮድ ነው? ማን ሰጠሽ?"

"አዳም የተፈጠረበት ቀን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

በጥፊ መለሰልኝ። ግራ ጆሮዬ ሲጮህ ዋለ። የቀረውን በቀኙ ሰማሁት፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ሕዝብ ፊት ተነሥቼ "ተሳስቻለሁ፣ ግምቱ ትክክል ነው" ካልኩ በዋስ እወጣለሁ። ካላልኩ "ሕዝብ በማነሳሳት" ክሱ ይቀጥላል። አርብ ሳይደርስ ካልወጣሁ ገበያው ያልፈኛል፤ የመደብ ቦታዬንም ሌላ ይይዘዋል። እሱም ይህን አውቆ ነው የሚያወራው። እኔም እውነቱን ለመናገር ያን ቃል በሆዴ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ሁለት አረፍተ ነገር ናት። ከአፌ ላስወጣት ስል ግን ያ አዳራሽ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ያን ሳቅ እንዴት አድርጌ ነው ከሰው አፍ መልሼ የምሰበስበው?

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ወይዘሮ አስገቡ። ከእሷ በፊት ፍራሽ ገባ፤ ቀጥሎ ፔርሙዝ፣ ቀጥሎ ወንበር። በወረዳው የማያውቃት የለም፤ መጋዘን ያላት፣ የጭነት መኪና ያላት ነጋዴ ናት። ለድሃ በመንግሥት ዋጋ ይሸጥ ተብሎ የመጣ ዘይት መጋዘኗ ውስጥ ተደብቆ ስለተገኘ፣ ሰው እንዳያጉረመርም ለወግ ያህል ነው የያዟት። ጠባቂው "እትዬ፣ ሽታውን ይቻሉት፣ ትንሽ ሲቆዩ ይለመዳል" እያለ ይቅርታ ጠየቃት። እኔን ሲያስገባኝ ስለ ሽታው ትንፍሽ አላለም።

ዝም ብላ መቀመጥ አልቻለችም።

"ይቺን አገር ማን የጨረሳት ይመስላችኋል? ድሃ!" አለች ወንበሯን እያመቻቸች። "ስንዴ ስጡኝ፣ ዘይት ስጡኝ፣ ማዳበሪያ አምጡልኝ! መንግሥት ላም ነው እንዴ? የምንቀልበው እኛ፣ የሚያልበው ድሃ!"

"ላምስ ትሁን" አሉ አሮጊቷ። "እኛ ሣር አጫጅ ነን እንጂ ጡቷን የት አይተነው እናውቃለን?"

"በሴፍቲኔት የሚሰጥዎትን ስንዴ አይበሉም እንዴ፣ እማማ?"

"እበላለሁ እንጂ። እርከን ሠርቼ፣ መንገድ ደልድዬ ነው የምበላው። መኪናሽ የሚመጣበትን መንገድ ድንጋዩን ያመላለስኩት በዚህ ወገቤ ነው። አንቺ ዘይቱን ምን ሠርተሽ ወሰድሽው?"

ወይዘሮዋ ሳቀች። አልተቆጣችም። ሀብታም ቶሎ አይቆጣም፤ ሌላ የሚቆጣለት አለው።

ወደ እኔ ዞረች። "ያቺ የአርብ ልጅ አንቺ ነሽ አይደል?"

"ነኝ።"

"አፍ አለሽ። አፍሽን ለማይረባ ነገር አዋልሽው እንጂ። ስሚ፣ እኔ ዛሬ መውጣቴ ነው። ዋስ እሆንሻለሁ። ብቻ ያሉሽን በይላቸው። ከገማቾቹ ጋር የነጋዴ ተወካይ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩ እንዲበርድ እፈልጋለሁ።"

ይህን አላውቅም ነበር። እኔን ወክላ የገመተችኝ እሷ ናት።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። "አንቺንስ በምን ቀን መጥተው ገመቱሽ?"

"እሑድ" አለች፤ እንደ ጨዋታ ነበር ለእሷ። "ከቅዳሴ መልስ። መጋዘኑ ዝግ፣ ገዢ የለ፣ ምኑን ይገምቱታል? ምሳቸውን በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀው ሄዱ።"

"ግብር አብልተሻላ" አሉ አሮጊቷ።

እኔ ነኝ የሳቅኩት። ድሮ ጌታ ለጭፍራው ሲደግስ ግብር አበላ ይባል እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል። ቃሉ ዛሬም አንድ ነው፦ እኛ ግብር እንከፍላለን፣ እሷ ግብር ታበላለች። መንግሥትን ማን ነው የሚበላው ብሎ ለመጠየቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እሑድ ማን ቤት ምሳ እንዳለ ማየት ይበቃል።

ወዲያው ምሳዋ መጣ። የፍስክ ወራት ነበር። ጠባቂው ሰሃኑን ሲገልጠው የበግ ጥብስ ሽታ ዩሪያውን አሸነፈው። እኔ ከያዙኝ ወዲህ ከደረቅ ዳቦ በቀር አልቀመስኩም፤ ምራቄ ከፈቃዴ ውጪ ሞላ። ወይዘሮዋ ወፍራም ጉርሻ ጠቀለለችና ወደ አፌ ዘረጋች።

"እንኪ፣ ጉረሺ። ይቺን ጎርሰሽ ነገ እቤትሽ ነሽ።"

እኛ አገር የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። ከመመለስ ሰድቦ መሄድ ይቀላል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ለዚህ ነው በእጇ የመጣችብኝ።

"ይቅርታ፣ እትዬ። አርብ ሥጋ አልበላም።"

"የምን አርብ? ዛሬ ማክሰኞ ነው።"

"ማክሰኞን አርብ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ፈርመውበታል እኮ።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። ቅባቱ በመዳፏ ወርዶ የወርቅ አምባሯ ሥር ገባ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ፊቱን ወደ ውጪ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

"እኔ ገበሬ ነኝ" አሉ አሮጊቷ። "የቀን ግምት የለብኝም። ለእኔ ማክሰኞ ነው።" ጉርሻውን ከእጇ ተቀበሉና አላምጠው በሉት። ቀስ ብለው፣ ዓይኗን እያዩ።

ወይዘሮዋ ከቀትር በኋላ ወጣች። ፍራሹ፣ ፔርሙዙና ወንበሩ ተከተሏት። የተረፈውን ጥብስ ሳይቀር አስወሰደችው።

መርማሪው እንደገና ጠራኝ። "ትያለሽ?" አለኝ። "አልልም" አልኩት። አርብ ደረሰ። የገበያውን ጫጫታ፣ የአህያውን ጩኸት ከቆርቆሮው ሥር ሆኜ ሰማሁት። የቀጣዩንም አርብ እንዲሁ። በመጨረሻ የተፈታሁት ማንም አዝኖልኝ አይደለም፤ ማዳበሪያ መጣና ክፍሉ ተፈለገ። ለዩሪያ ቦታ ለቅቄ ወጣሁ። አሮጊቷን በዚያው ቀን በመኪና ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ ጠይቄያለሁ፤ የነገረኝ የለም።

ጫማዎቼ ዝናብ ሲወርድባቸው ሰንብቷል። ኮንጎ ዝናብ አይፈራም፤ አጥቤ ደረደርኳቸው። ቦታዬ ግን ተወስዶ ኖሮ አሁን የምሸጠው አህያ ማሰሪያው ጥግ ነው። ግምቱ እንዳለ አለ። ወይዘሮዋም እንዳለች አለች፤ መኪናዋ በአጠገቤ ሲያልፍ አሮጊቷ የደለደሉትን መንገድ አቧራ ታለብሰኛለች።

እኔ ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ሥጋ አልበላም። እናቴ ግራ ገብቷታል። "ይሄ ደግሞ የማን ጾም ነው?" ትለኛለች።

"የገማቾች" እላታለሁ።

ለእኚያ አሮጊት ግን፣ ባሉበት ማክሰኞ ይሁንላቸው።