ሌሊት የተመዘነው የጎጆ ድንች

ጃለኔ ቀጀላ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል አምቦ ካለው ቢሮዋ ትገባለች፤ የጃቫ ፕሮግራም ትጽፋለች፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ትወጣለች፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ትሠራለች። በአንደኛነት መመረቋን የማያውቅ ባልደረባ የላትም፤ ራሷ ነግራቸዋለችና።

በዚያ ሳምንት ሰኞ ዕለት የጎጆ ከተማ ድንች አምራቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ኦቦ ኦልጅራ ደወሉላት። የማኅበሩን የሚዛን፣ የመጋዘንና የሪፖርት ፕሮግራም የሠሩት እርሷና አጠገቧ የሚቀመጠው ታምራት ናቸው። በርክክቡ ቀን «ይህ አይሳሳትም» ብላ በጉባኤ ፊት ቃሏን የሰጠችው ግን እርሷ ብቻ ነበረች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ኦልጅራ፤ «አባላችን ሞቱማ ጠዋት በሦስት ሰዓት ያስመዘነውን ድንች ሪፖርታችሁ ‹ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት› ይለዋል። በእኛ አገር ብርድ፣ በዚያ ሰዓት፣ ድንች ተሸክሞ የሚሄድ ሌባ ነው። ሰውዬው ሰፈር መውጣት አፍሯል። ዓርብ ጉባኤ አለን፤ እስከዚያ ካልተስተካከለ ወደ ካርቦን ደረሰኛችን እንመለሳለን።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፕሮግራሙ ሰዓት የሚጠይቀው ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ ከለቀቁት ኮድ፣ ላይብረሪ ከሚሉት፣ ነው። ላይብረሪው በፈረንጅ ሰዓት ስለሚናገር እያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል በየፊናው ስድስት ይቀንስ ነበር። በቅርቡ ታምራት የጫነው አዲስ እትም ግን አገሩ ኢትዮጵያ መሆኑን ዐውቆ ስድስቱን ቀድሞ ቀንሶ ጠበቀ፤ ክፍሎቹም እንደ ልማዳቸው ደግመው ቀነሱ።

«እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም» አለች ጃለኔ። «አንተ የሰው ኮድ ጓዳ ድረስ አስገብተህ ከድስት አጎረስከው።»

«ቤተ ዘመድ መስሎኝ ነዋ» አለ ታምራት። «አሁንስ ምን ቸገረን? ስድስቷን ከየቦታው እሰርዛታለሁ።»

«በሚቀጥለው እትም ሐሳቡን ቢቀይርስ?»

ስለዚህ «ሳሎን» የሚባል አዲስ ክፍል ሠራች። ላይብረሪውን የሚያነጋግረው ሳሎን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሰዓቱን ሳሎንን ይጠይቃሉ። ላይብረሪው ጠባዩን ቢለውጥ የሚታረመው አንድ ቦታ ይሆናል። ማንም በጓሮ በር እንዳይሾልክም ደንብ አኖረች፤ ላይብረሪውን በቀጥታ የጠራ ክፍል ከተገኘ መላው ፕሮግራም አልሠራም ይላል።

«ይህ ለአንተ ነው» ብላ ፕሮግራሙን አስነሣችው። ታምራት እርሷ ደንቡን ስታኖር የራሱን ክፍሎች ወደ ሳሎን አዙሮ ስለነበር ሚዛኑም መጋዘኑም አለፉ። ሪፖርቱ ግን ከላይ እስከ ታች በቀይ የስሕተት መስመር ተሞላ።

«የሪፖርቱን ክፍል የጻፈችው ማን ነበረች?» አለ ታምራት፣ ወንበሩን እያስጠጋ።

«ሥራህን ሥራ።»

«አይ፣ ከድስት የጎረሰው የማን እንግዳ እንደሆነ ለማወቅ ያህል ነው።»

ሐሙስ የታረመው ሪፖርት ጎጆ ደረሰ። ዓርብ ኦቦ ኦልጅራ ደውለው፣ «ድንቹ ነግቶለታል፤ ሞቱማም ገበያ ወጥቷል። ደረሰኞቹን ቆልፈንባቸዋል» አሏት።

ቅዳሜ ጃለኔ ወሰነች፤ ከእንግዲህ የማንም ኮድ፣ የእርሷም ቢሆን፣ በሌላ ሰው ሳይታይ ፕሮግራሙ ውስጥ አይገባም። የእርሷን የሚያየው ታምራት ነው። ሐሳቧን እንዳትቀይር ብላ ግማሽ ቀኑ ሳያልቅ ደንቡ ላይ ጻፈችው።