አባቴ በፊት ገጹ ላይ

ሥራዬ ለፊልሞች ድረ ገጽ መሥራት ነው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት ሰው በስልኩ ሲፈልገው የሚያገኘውን ገጽ፣ የተዋንያኑን ፎቶ፣ ታሪኩን በአምስት መስመር፣ «ሊመረቅ ይህን ያህል ቀን ቀረው» የሚለውን ቆጣሪ የምሠራው እኔ ነኝ። ፊልሞቹ የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። እኔ ድሬዳዋ፣ አባቴ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ቬንትሌተር ፊቴ ላይ ደግኜ እውላለሁ። ከሚያሠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ እነሱም «የድሬዋ» ነው የሚሉኝ። ፊልሙ ሲመረቅ ማንም አይጠራኝም፤ በማግስቱ ግን የምርቃቱን ፎቶ ገጹ ላይ እንድሰቅል ይልኩልኛል። ዘንጠው፣ ተቃቅፈው ሲስቁ እያየሁ ከፎቶው ጠርዝ የማላውቀውን ሰው ትከሻ እቆርጣለሁ።

ከዚያ ፊልሙ ይወርዳል፣ ገጹም ይረሳል። እኔ ግን አንዳንዴ የቆየ ሥራዬን ለማየት እገባለሁ። ከገጹ ኋላ በኩል በየቀኑ ስንት ሰው፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት እንደገባ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። «ዛሬ አንድ ጎብኚ» ይላል። ያ ጎብኚ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር።

አባቴ መጋላ ገበያ ውስጥ ብትን ጨርቅ ይሸጣል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እህቶቼ አግብተው አንዷ ጅግጅጋ፣ አንዷ ጅቡቲ ናቸው። ብዙ አናወራም። ተጣልተን አይደለም፤ እሱ ስለ ጣቃ፣ እኔ ስለ ስክሪን፣ የሚያገናኘን ወሬ ስለሌለን ነው። ሥራዬን አንድ ቀን በዝርዝር ካስረዳሁት በኋላ፣ «አቦ፣ ለፊልሙ የሱቅ በር ነዋ የምትሠሪው» አለኝ። ልክ ነበር። አስከትሎም የራሱን ሕግ ነገረኝ፤ በር ላይ የሰቀልሽው ጨርቅ ሱቁ ውስጥ መኖር አለበት። በር ላይ ያየችውን የድሪያ ጨርቅ ብላ የገባች ደንበኛ «አልቋል» ከተባለች ሁለተኛ አትመለስም። እሱ የመጨረሻዋን ሜትር እንደቆረጠ፣ ሱቁ በሰው ቢሞላም፣ መጀመሪያ ወንበር ላይ ወጥቶ በር ላይ ያለውን ያወርዳል።

ካቻምና አንድ ፕሮዲዩሰር ደወለልኝ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ በእግሩ የሚሻገርበት ትዕይንት ስላለ፣ እዚሁ ሰው እንድፈልግለት ጠየቀኝ። አባቴን ወሰድኩላቸው። ፂሙን ሂና ተቀብቶ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ መጣ። ዳይሬክተሩ እንዳየው ሌላ ሰው አልፈለገም። በዚያ ፀሐይ፣ አሸዋው ጫማውን እየዋጠው፣ ዘጠኝ ጊዜ ተሻገረ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልን፣ አባት» ባሉት ቁጥር ምንም ሳይል ወደ መጀመሪያው ዳር ይመለሳል። ሱቁም ውስጥ እንደዚሁ ነው። ደንበኛ ሃያ ጣቃ አስዘርግታ ሳትገዛ ስትወጣ ዝም ብሎ ይጠቀልላል።

በእኛ ሥራ ድረ ገጹ የሚሠራው ፊልሙ ሳያልቅ ነው። ፊልሙን ሳላየው ነው «እዩት» እያልኩ የምጣራው፤ ከሚላኩልኝ ፎቶዎች መርጬ እሰቅላለሁ። የፊት ገጹ ቦታ የዋናዋ ተዋናይት ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። እኔ አባቴን ሰቀልኩት። ወንዙ መሀል ብቻውን፣ ከኋላው ረጅም ጥላው። «ፎቶው ከሁሉም ይበልጣል» ብዬ ፕሮዲዩሰሩን አሳመንኩት። እውነትም ቆንጆ ፎቶ ነበር፤ የሌላ ሰው አባት ቢሆን ግን ከታች ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበር የማስቀምጠው።

አባቴ ስልክ ላይ አንዲት ምልክት አኖርኩለት፤ ሲነካት ያ ፎቶ ለብቻው ያለበት ገጽ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ቤታችን ወሬ ገባ። ከሱቅ ሲመለስ ለማን ለማን እንዳሳየ ይነግረኛል። «ዛሬስ ስንት ሰው ገባ?» ይለኛል፣ ከሰንጠረዡ አይቼ እነግረዋለሁ። ከሱቁ ጎን ጎማ የሚሸጠው ሶማሌ ወዳጁ «ወሪያ፣ ከእንግዲህ ጨርቅ የሚቆርጥልህ ሰው ልትቀጥር ነው አሉ» እያለ ያሾፍበታል። እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን የሚጠብቅ ሰው እቤቴ ውስጥ ነበረኝ። ሳልደብቅ ልናገር፣ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፊልሙ እሑድ ድሬ ሊገባ ሐሙስ ዕለት የፊልሙ አርታኢ ደወለ። «ፊልሙ ረዝሞብን የወንዟን ትዕይንት ቆርጠን አውጥተናታል። የፊት ገጹን በተዋናይቷ ቀይሪው» አለኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ፤ ሽማግሌው የማን አባት እንደሆነ አያውቅም። እሺ አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ገጹን ግን አልነካሁትም።

ያን ዕለት ከሱቅ ሲመለስ ልነግረው ተነሣሁ፤ ለእሑድ የሚለብሰውን አዲስ ጀለቢያ ከሰፊው ተቀብሎ ስለመጣ ተውኩት። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ወዳጆቹ አብረውት ነበሩ። ቅዳሜ ምንም ምክንያት አልነበረኝም። አጠገቡ ተቀምጬ ሻሂ ጠጣሁ፤ እሱ ስልኩን ከፍቶ ራሱን ያያል። ምናልባት አርታኢው ተሳስቶ ይሆናል፣ ምናልባት ከትዕይንቷ ትንሽ ትተው ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሥራዬ ሰውን «ኑና እዩ» ማለት ነው፤ አንድን ሰው «አትሂድ» ማለት አቃተኝ።

እሑድ የዘጠኝ ሰዓቱን ገባን። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ሦስት ወዳጆቹን ይዞ መጣ። አራቱ አንድ ረድፍ ላይ ተደረደሩ፤ እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ፊልሙን አላየሁትም፤ የአባቴን ማጅራት ነው ያየሁት። አንድ ጊዜ በመኪና መስኮት የደቻቱ ድልድይ ውልብ ሲል ጎማ ሻጩ በክርኑ ጎሰም አደረገው፤ አባቴ ወደፊት ተጠጋ። መኪናው አለፈ። በመጨረሻ ስሞች መውረድ ጀመሩ፣ መብራቱም በራ። አራቱም ከወንበራቸው አልተነሡም። ጎማ ሻጩ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ወሪያ፣ አንተ ክፍል ሁለት ላይ ነህ መሰለኝ» አለ። ሳቁ። አባቴም አብሯቸው ሳቀ። ምነው ባልሳቀ አልኩ።

ወዳጆቹ ባጃጅ ይዘው ሄዱ፤ እኛ በእግራችን ሆንን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባ። ከሐሙስ ጀምሮ።»

ዞር ብሎ ወንዙን አየ። ከታች አሸዋው ላይ አንዲት ሴት ፍየሎቿን እየነዳች ትሻገራለች።

«ሐሙስ ብትነግሪኝ ሰው አልጠራም ነበር» አለ። «እቤቴ እቀመጥ ነበር። እሱ ምንም አይደለም።» ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «ውስጥ የሌለ ጨርቅ በር ላይ አይሰቀልም። ዛሬውኑ አውርጂው» አለኝ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። «እሺ» ነው ያልኩት። ለአርታኢውም እሺ፣ ለአባቴም እሺ።

እቤት እንደገባሁ አባቴን ከፊት ገጹ አውርጄ ተዋናይቷን ሰቀልኳት። ፎቶው ለብቻው ያለበትን ገጽ ለማጥፋት ግን እጄ እምቢ አለኝ። አባቴ ስልክ ላይ ካለችው ምልክት በቀር ወደዚያ ገጽ የሚያስገባ መንገድ የለም፤ ማንም አይደርስበትም ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ፊልም አንስቶ አያውቅም። ስንት ሰው ገባ ማለቱም ቀረ። ምሳ ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስውል ብቸኝነትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ከሚወዱት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝም መባባል ግን ከዚያ ይከፋል።

የገጹ የዓመት ክፍያ ሊያልቅ ሲል፣ ካልታደሰ ሊዘጋ ነው የሚል ማሳሰቢያ መጣ። ፕሮዲዩሰሩን ብጠይቀው «ይዘጋ፤ አሁን ማን ያየዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ። እኔ ራሴ ከዚያ እሑድ ወዲህ ገብቼበት አላውቅም። ለመሰናበት ያህል ሰንጠረዡን ከፈትኩ፤ የጠበቅኩት ባዶ ነበር።

በየቀኑ አንድ ጎብኚ አለ። ከድሬዳዋ ነው። የሚገባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመጋላ ሱቆች በሚከፈቱበት ሰዓት ነው። የዒድ ቀን ብቻ ባዶ ነው። የሚከፍተውም ያንኑ ለብቻው የተተወውን ገጽ ነው።

ገጹን በራሴ ስም አሳደስኩት። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሱቅ ሲወጣ የበሩን ድምፅ ሰምቼ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን እኔም ያንን ገጽ ከፈትኩት። አባቴ ወንዙ መሀል ቆሟል። ሰንጠረዡን አየሁት፤ ሁለት ጎብኚ ይላል።