ኳሱን የለቀቅሁበት ቀን

በ1972 ዓ.ም.፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት በጥቅምት፣ ሁለተኛ ሴት ልጄን ታቅፌ መተማ ዮሐንስ ነበርሁ። ባለቤቴ ጉምሩክ ተመድቦ ነው ቆላ የወረድነው። ከዚያ በፊት ለአገሬ መረብ ኳስ ተጫውቻለሁ፤ ናይሮቢም ካይሮም ሄጃለሁ። የሰጠኝ ይመስገን።

የመጀመሪያ ልጄን ወባ የወሰደብኝ ክርስትና ሳትነሣ ነው። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ትኩሳቱ በድንገት ጥሏት ቄሱ እስኪደርሱ አልቆየችም። ይህችን ሳላስጠምቅ ከመተማ ላልወጣ ለእመቤቴ ተስዬ ነበር።

ለክርስትናዋ አንድ ቀን ሲቀር የቀድሞው አሰልጣኜ በላንድሮቨር መጡ። ብሔራዊ ቡድኑ ለውጭ ውድድር ካምፕ ሊገባ ነው።

«ልብስሽን ያዢ፤ ማታ ጎንደር እናድራለን» አሉኝ።

«ነገ ክርስትናዋ ነው፣ ጋሼ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ክርስትና አለባት ብዬ አለቆች ፊት ልቁም? አድኃሪ ይሉሻል። ባልሽም የመንግሥት ሠራተኛ ነው።»

እውነታቸውን ነው። 

ከመኪናው ኳስ አወረዱ። «እስቲ ከወለድሽ ወዲህ እጅሽን ልየው።»

ግቢው ውስጥ ቆምን። ጎረቤቴ፣ ሙስሊሟ ባለሱቅ፣ ልጄን ይዘው በራፉ ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያዎቹን ኳሶች መለስሁ። እጄ አልረሳም፤ ልቤም ደስ አለው፤ አልዋሽም። ቀጥሎ ከፍ አድርገው ሲልኩልኝ ልጄ አለቀሰች። ወተቴ ወርዶ ቀሚሴ ራሰ። ዓይኔ ወደ በራፉ ሄደ፤ ኳሱ እግሬ ሥር ወድቆ ነጠረ።

«አንቱ ሰውዬ!» አሉ ጎረቤቴ። «ኳስዎ እንደሁ አይርበውም፤ ምን አስቸኮለዎ? ይችን የሚያጠባ ኮሚቴ ይዘው መጥተዋል?»

አሰልጣኜ ሳይወዱ ሳቁ። ኳሱን አንሥተው በብብታቸው ያዙት።

«እግርሽ ሥር ኳስ ሲወድቅ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። «አራስ ናት፣ አቅም የላትም፣ አትደርስልንም እላለሁ። ለዚህ ማንም አይቆጣሽም። ከእንግዲህ ግን የሚጠራሽ የለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«የምን ምስጋና ነው? ከቡድን እያስወጣሁሽ!» አሉና ገብተው ሞተሩን አስነሡ።

መኪናው ሲርቅ ልጄን ከጎረቤቴ ተቀበልሁ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አጠባኋት። ሸክም ያወረደ ሰው ያህል ቀለለኝ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ልጄን በነጠላ ጠቅልዬ ከባለቤቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ቄሱ ውኃውን ሲያፈስሱባት ግቢው እስኪሰማ ጮኸች። እስክትቆርብ ጠብቄ ከክርስትና እናቷ ተቀበልኋትና ሰገድሁ።